ምጽዋት ነው ወይስ ድርሻ?

የሳምንቱ ንባብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 4፥4፤ ምዕራፍ 9፤ ምዕራፍ 17፥27-29



በዚህ ሳምንት የምናነበው ስለ አንድ ተሰዳጅ ልጅ ነው። ስሙ ሜምፊቦስቴ ይባላል። የንጉሥ ሳኦል የልጅ ልጅ፣ የዮናታን ልጅ ነው። አምስት ዓመት ልጅ ሳለ አያቱና አባቱ በአንድ ጦርነት አለቁ። መርዶው ሲደርስ ሞግዚቱ ልጁን አንሥታ ሸሸች። በጥድፊያው መሀል ልጁ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም እግሮቹ አልሄዱለትም። መጽሐፍ ይህን ሁሉ የሚነግረን በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስለ ልጁ ኑሮ የምንሰማው አድጎ እሱም አባት ከሆነ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልግም። ሌሊት ልጅ አዝሎ መውጣት ምን እንደሆነ፣ በመንገድ ላይ ምን እንደሚወድቅና ምን እንደሚቀር የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መጽሐፉ ልጁ ወደቀ ይላል እንጂ ሞግዚቷ ጣለችው አይልም። አይወቅሳትም። ሴትዮዋ የሮጠችው ነፍሱን ልታድን ነበር፤ አድናዋለችም። እኛ ግን ብንኖር ኖሮ ምን እንል እንደነበር እናውቃለን። "ምነው አጥብቃ ብትይዘው!" እንል ነበር።

ጥያቄው

እስቲ ወደ ብሎካችን እንምጣ። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ እዚህ የተወለዱና በጀርባ ታዝለው እዚህ የደረሱ ልጆች ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል አንገቱን መሸከም ያቃተው አለ። ስድስት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ያልተናገረ አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ትምህርቱ እንደ እኩዮቹ የማይገባው አለ። ደጅ ላይ አዘውትረን የማናያቸው ቤት ውስጥ ስለሚውሉ ነው።

የልጁን እናት የውኃ ወረፋ ላይ ስናገኛት "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" እንላታለን። አንዳንዴም ሳሙና ወይም ስኳር ይዘን ጎራ እንላለን። ደግ ሥራ ነው፤ ማንም አይንቀፈው።

ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ለዚህ ልጅ የምናደርግለት ነገር ምጽዋት ነው ወይስ ድርሻው ነው?

የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ምጽዋት ከሆነ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰጪው ነው። ዛሬ ሰጥቶ ነገ ቢተው ማንም አይጠይቀውም። ተቀባዩ አመስግኖ ዝም ይላል። ድርሻ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድርሻ የባለቤቱ ነው። ባልሰጠው ወሰድኩበት ማለት ነው። እናቲቱም ስትጠይቅ አንገቷን መድፋት የለባትም፤ የልጇን ነው የጠየቀችው።

ታዲያ የትኛው ነው? ዳዊት ያደረገውን እንመልከት።

ዳዊት ምን አደረገ?

ዳዊት ከነገሠ በኋላ ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ጠይቆ ያገኘው ነው እንጂ ሜምፊቦስቴ እየተጎተተ ደጁ አልመጣም። ልጁ ሎዶባር በሚባል ስፍራ፣ ማኪር በሚባል ሰው ቤት ተጠግቶ ይኖር ነበር።

ንጉሡ አስጠራውና መጀመሪያ አትፍራ አለው። ቀጥሎ የአያቱን መሬት መለሰለት። የራሱ ነበርና "ሰጠሁህ" የሚባል ነገር የለውም። ከዚያ ግን አንድ ችግር አለ፤ እግሩ የማይሄድ ሰው መሬት ቢመለስለት በምን ያርሰዋል? ዳዊት ይህንንም አሰበበት። የሳኦልን አገልጋይ ሲባን ከአሥራ አምስት ልጆቹና ከሃያ አገልጋዮቹ ጋር መሬቱን እንዲያርሱለት አዘዘ። ቁጠሩት፤ ሠላሳ ስድስት ሰው ነው። ከዚያም ሜምፊቦስቴ እንደ ንጉሥ ልጆች ዘወትር ከማዕዱ እንዲበላ አደረገ።

ዳዊት ይህን ያደረገው አዝኖለት ብቻ አይደለም። ከአባቱ ከዮናታን ጋር ቃል ኪዳን ነበረው። ያለበትን ዕዳ ነው የከፈለው።

ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደሚል ልብ በሉ። ሜምፊቦስቴ አልተፈወሰም። የመጨረሻው ቃል አሁንም እግሮቹ ሽባ እንደነበሩ ይነግረናል። ከማዕዱ የተቀመጠው ሳይድን ነው። እኛ ብዙ ጊዜ "ሲሻለው ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሲሻለው ቤተ ክርስቲያን ይመጣል" እንላለን። እዚህ ግን መዳን የማዕዱ መግቢያ አልሆነም።

ማን በደለ?

ልጁን ከድርሻው ከሚያርቁት ነገሮች የመጀመሪያው የእኛ ወሬ ነው። "እርግማን ነው"፣ "ቡዳ በልቶት ነው"፣ "እናቱ የሠራችው ነገር ቢኖር ነው" ይባላል። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት? ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ጌታ እሱም አይደለም እነሱም አይደሉም ብሎ ጥያቄውን ዘጋው።

የሕክምና ሰዎች የሚያውቁትንም እንስማ። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው በማደግ ላይ ያለ አንጎል በእርግዝና ጊዜ፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ጊዜያት ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ያለ ጊዜው መወለድ፣ በምጥ ጊዜ አየር ማጣት፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የአራስ ቢጫ ሕመም፣ ማጅራት ገትር ሊያመጡት ይችላሉ። ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ደግሞ በተፈጥሮው አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም ይዞ ነው የሚወለደው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። እናቱ በላችው በጠጣችው፣ ባየችው በተናገረችው አይመጣም። ጭንቅላት የነካ ወባም አንዳንድ ልጆችን ለሚጥል በሽታ ይዳርጋል፤ ወባ ደግሞ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም።

አባቶቻችን "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር" ይሉ ነበር። ከአንድ ማሕፀን የተለያየ ልጅ ይወጣል ማለታቸው ነው። ለጠባይ የተባለውን ለአካልም ብንለው ምናለበት?

እናት ልጇን ከቤት የማታወጣው እንዲህ ያለውን ወሬ ፈርታ ነው። ስለዚህ "ለምን ደበቀችው?" ከማለታችን በፊት ስትወጣ እንዴት እንደምናያት እናስብ።

አንድ መቶ ስልሳ ሰባት ሰዓት

"ሕክምና የሆስፒታሉና የድርጅቱ ሥራ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን?" የሚል አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሒሳብ እንመልሰው።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ልጁ በሳምንት አንድ ሰዓት ሙሉ ፊዚዮቴራፒ ቢያገኝ፣ ያውም ከተገኘ፣ 167 ሰዓት ቤቱ ነው። በእነዚህ ሰዓታት እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚታዘል፣ ማን እንደሚያናግረው፣ ይህ ሁሉ ሕክምናው ነው። የክሊኒኩ ሰዓት መንገድ ያሳያል፤ መንገዱ የሚሄደው ግን ብሎካችን ውስጥ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን ቶሎ ከተወሰደ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊቀና ይችላል። በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ ለተወሰኑ ሳምንታት ይታሰርለታል። ከዚያ በኋላ ግን እግሩን የሚይዝ ልዩ ጫማ፣ መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ በኋላ ሲተኛ ብቻ፣ አራት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ማድረግ አለበት። ጀሶውን የሚያስረው ባለሙያው ነው። ጫማውን ግን በየሌሊቱ የምታደርግለት እናቱ ናት። ልጁ ሲያለቅስ ጎረቤት "ኧረ አውልቂለት፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!" ካላት ታወልቅለታለች፤ እግሩም ተመልሶ ይቆለመማል። "በርቺ፣ ዛሬ እኔ ላባብለው" ካላት ልጁ በእግሩ ይሄዳል። አያችሁ? ጎረቤት የሚናገራት አንድ ቃል ሕክምናው ውስጥ አለችበት።

ምግብም እንዲሁ ነው። መዋጥ የሚቸገር ልጅ ተጋድሞ ከተመገበ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባና ሊያሳምመው ይችላል። ጀርባው ተደግፎ ቀና ብሎ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ሳይወድቅ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጎርሰው። አንድ ምግብ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በቀን ሦስቴ ሦስት ሰዓት። በዚያ ላይ ውኃ አለ፣ ማገዶ አለ፣ የራሽን ሰልፍ አለ፣ ሌሎች ልጆች አሉ። የዚህች ሴት ቀን ከየት ይመጣል?

ይህን የተረዱ ሰዎች ሥራውን ወደ መንደር ካወጡት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ በተደረገው ጉባኤ ጤና ለሰው በሚኖርበት ቦታ ይቅረብ ከተባለ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባለውን አሠራር ማስፋፋት ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቤተ ሰብና ጎረቤት ይሠልጥን፣ ባለሙያው ይደግፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጸደቀውና ኬንያ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 በተቀበሉት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ላይ ደግሞ ይህ በሕግ ቋንቋ ተጽፏል። አንቀጽ 25 የጤና አገልግሎት በተቻለ መጠን ለሰዎቹ መኖሪያ ቅርብ ይሁን ይላል። አንቀጽ 11 ጦርነትና አደጋ ባለበትም ቢሆን ጥበቃቸው እንዳይጓደል ያዝዛል። ሕጉም ያለው ምጽዋት አይደለም፤ መብት ነው ያለው።

ጎረቤት ስለ ረዳ ግን ድርጅቱ ያለበት ግዴታ አይሰረዝለትም። ሁለቱም የየራሳቸው ድርሻ አለባቸው።

እድር ያስተማረን

ድርሻ የሚለው ነገር ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሰው ሲሞት የምናደርገውን አስቡ። ማንም ሳይጠራን እንሄዳለን። ሸራ ይወጠራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ውኃ የሚቀዳ ይቀዳል፣ የሚያድር ያድራል። የእድር መዋጮ አለ፤ የቀረ ይቀጣል። ከለቅሶ ቤት ሲመለስ "ዛሬ መጸወትኩ" የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ሐዘንተኛዋም "አስቸገርኳችሁ" ብላ አትሸማቀቅም። ድርሻ ነው፤ ነገ በእሷ ቦታ እኛ ነን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለሞተ ሰው ሥርዓት አበጅተን፣ በሕይወት ላለ ልጅ ሲሆን ለምን እንደየስሜታችን ይሆናል? ለሞት ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። ልጅ አንገቱን ቀና ለማድረግ ሲታገል ግን እናቱ ዓመታትን ብቻዋን ትቀመጣለች። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የምንል ሰዎች ነን፤ ታዲያ ሃምሳውንም በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ትተናል።

ገመዱ የማን ነው?

አሁን ከባዱን ነገር እናንሣ። ልጇን ከቤቱ ምሰሶ በገመድ አስራ ውኃ ልትቀዳ የወጣች እናት አስቡ። ልጁ ደጅ ከወጣ ዝም ብሎ ይሮጣል፤ አደጋ አያውቅም። ዝናብ ሩቅ ቦታ ከጣለ ላጋው ሳይታሰብ ይሞላል። መንገዱ ላይ ቦዳ ቦዳ ይከንፋል። ሰልፉ ደግሞ ረጅም ነው። ብታስረው ጭካኔ፣ ብትለቀው ሞት፣ ውኃውን ብትተወው ጥም።

አላፊ አግዳሚው ገመዱን ያይና "ይቺ እናት ናት?" ይላል። ልጅን ማሰር ይጎዳል፤ እውነት ነው፤ ይህን አናስተባብልም። ነገር ግን ያንን ገመድ ማን አሰረው? እጇ አስሮታል። ሆኖም በዚያው ረድፍ ከሚኖሩት ቤቶች አንዱ "ልጁን ለአንድ ሰዓት እኔ ልያዝልሽ" ቢላት ገመዱ አይኖርም ነበር። እንግዲህ ከገመዱ አንዱ ጫፍ በእሷ እጅ፣ ሌላው ጫፍ በእኛ እጅ ነው። እሷን ለመውቀስ የሚወጣ አፍ መጀመሪያ ጀሪካኗን ይቀበላት።

ድርሻን ከምጽዋት የሚለየው እንዲህ ያለው ቦታ ነው። ምጽዋት ካልሰጠሁ አልሰጠሁም፤ እዚያ ያልቃል። ድርሻዬን ካልተወጣሁ ግን ሸክሙ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ጫንቃ ይዞራል። እዚህ ደግሞ የዞረው ወደ ልጁ ወገብ ነው።

"እኛም እኮ ተቸጋሪ ነን"

አንዳንዳችሁ በልባችሁ እንዲህ ትላላችሁ። "ራሽን ተቀንሷል። የራሴን ልጆች ማብላት አቅቶኛል። የሰው ልጅ ዕዳ እንዴት ይጨመርብኛል?" ይህ የስንፍና ጥያቄ አይደለም፤ የእውነት ጥያቄ ነው።

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው ምዕራፍ 6 ላይ እርስ በእርሳችሁ ሸክማችሁን ተሸካከሙ ይላል። ከጥቂት ቃላት በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ የገዛ ሸክሙን ይሸከማል ይላል። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። እንዲህ ብንረዳቸው ግን አይጋጩም፤ ሰው ሊሸከመው የሚገባና የሚችለው የራሱ ሸክም አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ከተሸከመው የሚሰብር ሸክምም አለ። የመጀመሪያውን ማንም አይነጥቀው። ሁለተኛውን ግን ለአንድ ሰው መተው ኃጢአት ነው።

ድርሻ ሲባል ደግሞ እኩል ማለት አይደለም፤ እንደ አቅም ነው። ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው። ጉልበት የሌላት አሮጊት ዓይን አላት፤ ተቀምጣ ልጅ ትጠብቃለች። ስዋሂሊ የሚችል ሰው ክሊኒክ አብሮ ሄዶ ያስተረጉማል። ወጣቱ ከቤት እስከ መንገድ ያለውን አሸዋ ልጁን ከነወንበሩ ያሻግራል፤ ጎማ በአሸዋ እንደማይሄድ ሁላችንም እናውቃለን። የሌለውን እንዲሰጥ የሚጠየቅ የለም። ሠላሳ ስድስት ሰው ለአንድ ሰው መሬት ሲያርስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ጸሎትና መድኃኒት

"ጸበል ስለምወስደው ክኒኑን አቆምኩለት" የሚል ወላጅ ይኖራል። ወገኖቼ፣ ይህን እንዳታደርጉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከቆመ በሽታው ብሶ፣ ማቆሚያ የሌለው መንፈራገጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። መቀነስም መቀየርም የሚቻለው በሐኪም ብቻ ነው።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም እንደሚፈውሰው በኢሳይያስ በኩል ላከበት። ያው ኢሳይያስ ግን በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። የተስፋው ቃልና መድኃኒቱ ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ። ስለዚህ ጸልዩ፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ስጡ።

ምን ይጠቅማል?

ለእንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች ማጽናኛ ስንፈልግ ብዙ ጊዜ የትልልቅ ሰዎችን ስም እንጠራለን። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና፣ የሕግ ባለሙያ ሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ይህ ደስ የሚል እውነት ነው፤ ለልጆቻችን ንገሯቸው።

ግን ፈጽሞ የማይናገረውስ ልጅ? ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚያጎርሰውስ? "አንድ ቀን ትልቅ ሰው ይሆናል" ብለን ካልሆነ በቀር ልናጎርሰው ካልፈለግን፣ የወደድነው ልጁን ሳይሆን ወደፊት የሚያመጣልንን ነው። ሜምፊቦስቴ ለዳዊት ምን አደረገ? ጦር አልመራም፣ መዝሙር አልደረሰም። በማዕዱ ተቀመጠ፤ በቃ። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ መሆኑ ለቦታው በቂ ነው። ልጅ ለወንበሩ ኪራይ አይከፍልም።

የሲባ ነገርና የማኪር ነገር

ታሪኩን ወደ ፊት ብታነቡ ሁለት ሰዎችን ታገኛላችሁ። አንዱ ሲባ ነው። መሬቱን እንዲያርስለት የታዘዘው ሰው በኋላ ስለ ሜምፊቦስቴ ለንጉሡ ክፉ ወሬ ነገረና መሬቱን ለራሱ አስደረገ። ዳዊትም ልጁን ሳይጠይቅ አመነው። ከዚህ እንማር። በልጁ ስም የመጣ ብርድ ልብስ፣ በልጁ ስም የመጣ ተጨማሪ ምግብ፣ ለልጁ የመጣ ወንበር የልጁ ነው። ወንበሩ ጀሪካን መጫኛ አይሁን። ስለ እሱም ስንወስን ራሱን እንጠይቅ። ባይናገር እንኳ በዓይኑ፣ በእጁ፣ በፊቱ ይመልሳል፤ እናቱ ታውቅለታለች።

ሁለተኛው ማኪር ነው። ንጉሡ ሜምፊቦስቴን ከማስታወሱ በፊት፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ያንን አካል ጉዳተኛ ተሰዳጅ በቤቱ ያስቀመጠው እሱ ነው። ዓመታት አለፉ። ዳዊት ራሱ ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ተሰደደ። ተርቦና ደክሞ መሃናይም ሲደርስ ምንጣፍና ዕቃ፣ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ ይዘው ከመጡለት ሰዎች አንዱ ማን ነበር? የሎዶባሩ ማኪር። ሽባውን ልጅ ያስጠጋ እጅ የተሰደደውን ንጉሥም አበላ። ማኪር ይህን ያደረገው ብድር ይመለስልኛል ብሎ እንደሆነ መጽሐፉ አይልም። ቤቱ እንደዚያ ያለ ቤት ነበር።

በብሎካችን እንደ ማኪር ቤት ያለ አንድ ቤት ይኑር። ቢቻል ሁለት።

በዚህ ሳምንት የምናደርገው

1. በብሎካችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ሂዱና ስሙን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ "የዚያች የበሽተኛው እናት" መባል ይቅር፤ ልጁም በስሙ ይጠራ። እሱ እየሰማ ስለ እሱ አታውሩ።

2. "ምን ልርዳሽ?" ብቻ አትበሉ፤ ቀንና ሰዓት ተናገሩ። "ማክሰኞ ጠዋት ውኃሽን እኔ እቀዳለሁ" በሉ።

3. የክሊኒክ ቀጠሮዋን የብሎኩ ቀጠሮ አድርጉት። አንድ ሰው አብሮ ይሂድ፣ አንድ ሰው ሌሎቹን ልጆች ይያዝ፣ ለቦዳ ቦዳ የሚሆን ከእድሩ ይዋጣ።

4. ሕፃን 9 ወር ሞልቶት ያለ ድጋፍ ካልተቀመጠ፣ 18 ወር ሞልቶት ካልተራመደ፣ በድምፅ ካልደነገጠ ወይም ጭንቅላቱ በፍጥነት እየተለቀ ከሄደ "ይደርሳል" ብላችሁ አትጠብቁ። ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛው ንገሩ። ጭንቅላቱ የሚተልቅ ልጅና በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ አራስ ፈጽሞ አይቆዩም፤ ዛሬውኑ ይወሰዱ።

5. እንዲህ ያሉ ልጆች ያሏቸው እናቶች በሳምንት አንድ ቀን ቡና አፍልተው ይገናኙ። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ለኦቲዝም ልጆች ማዕከል የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። አንዷ እናት የምታውቀውን ሌላዋ ትማራለች። አባቶችም አትቅሩ፤ ልጁ የእናቱ ብቻ አይደለም።

6. እሑድ ልጁ ቤተ ክርስቲያን ይምጣ። ቢጮኽ ይጩህ። እግዚአብሔርን አይረብሸውም፤ እኛም እንለምደዋለን።

አብረን የምንነጋገርበት

ምጽዋትና ድርሻ በእኛ ብሎክ ውስጥ የሚለዩት በምንድን ነው? እድራችን በሕይወት ላለ ልጅ ሊቆም ይችላልን? ማን ይጀምር?

ጸሎት

አምላካችን ሆይ፣ በሽሽት መንገድ የወደቁትን ልጆች ታውቃቸዋለህ። ያነሧቸውን እጆችም ታውቃለህ። የደከሙ እናቶችን ክንድ አበርታ፤ በእኛም ክንድ አግዛቸው። "አይዞሽ" ያለ አፋችን ጀሪካን የሚያነሣ እጅ ይኑረው። ልጆቹን ከማዕዳችን አታርቅብን፤ ማዕዱ ያንተ ነውና። አሜን።